ያልመጣው ሰውዬ

«ዛሬ ስለ ቴያትር ነው የምጽፍላችሁ» ስል ግማሾቻችሁ ገጹን ገልብጣችሁ ወደ ማስታወቂያው እንደምታልፉ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ ምግቡ እስኪቀርብ የሚነበብ ነገር ቀለል ቢል ይመረጣል። ነገር ግን ጉዳዩ ስለ መጠበቅ ነው። መጠበቅ ደግሞ እዚህ ስዊስ አገር የምንኖር ስደተኞች በደንብ የተካንበት ሙያ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተወሰኑ ዓመታት በፊት ዙሪክ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ቴያትር ቤት የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን ጥበቃ» በጀርመንኛ ይታይ ነበር። ሁለት ቲኬት አግኝቼ አንድ ወጣት ወዳጄን ይዤ ሄድኩ። ልጁ በዚያን ጊዜ የጥገኝነት ጠያቂ መታወቂያ፣ «ኤን» የምንለውን ወረቀት፣ ይዞ ሦስተኛ ዓመቱን እያገባደደ ነበር። ቋሚ ሥራ የለው፣ ቤተሰቡን ማምጣት አይችል፣ ልሂድ ቢል የት ይሄዳል? ከእኔ ጋር የገባውም ቴያትር ወዶ ሳይሆን፣ እሱ ራሱ እንዳለኝ፣ ውጪው ብርድ ስለነበረ ነው።

የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት «ወዴት አመጣኸኝ» በሚል ዓይን ዞር እያለ ያየኝ ነበር። መድረኩ ላይ ቅጠሉ የረገፈ አንድ ዛፍ አለ። ከሥሩ ሁለት የተጎሳቆሉ ሰዎች አሉ። አንደኛው ጫማው አልወልቅ ብሎት ይታገላል፤ ሌላው ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ይመረምራል። ጎዶ የሚባል ሰው እየጠበቁ ነው። ጎዶ ማን ነው? በቅጡ አይታወቅም። ምን ሊያደርግላቸው ነው? እነሱም እርግጠኛ አይደሉም። ቀጠሮው ዛሬ ነው ወይስ ትናንት ነበር? ይኸም ያከራክራቸዋል። አመሻሹ ላይ አንድ ትንሽ ልጅ ይመጣና አቶ ጎዶ ዛሬ እንደማይመቻቸው፣ ነገ ግን እንደማይቀሩ ነግሯቸው ይሄዳል።

ይኼኔ ወዳጄ ከት ብሎ ሳቀ። ከአዳራሹ የሳቀው እሱ ብቻ ነበር። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ዞረው ተመለከቱን። ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ልጅ እኮ ደብዳቤው ነው!» አለኝ።

የትኛው ደብዳቤ እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው፣ ውሳኔው እንደተሰጠ እናሳውቅዎታለን፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።

በሁለተኛው ክፍል ዛፉ ጥቂት ቅጠል አውጥቷል፤ የቀረው ሁሉ እንደነበረ ነው። ሁለቱ ሰዎች ያንኑ ቦታ ያንኑ ሰው ይጠብቃሉ። ልጁም ተመልሶ ይመጣና ያንኑ መልእክት ያደርሳል፤ «ትናንት አንተ አልነበርክም?» ቢሉት አልነበርኩም ይላል። በዚህኛው ጊዜ ወዳጄ አልሳቀም። እኔ ይህን ቴያትር በተማሪነቴ በመጽሐፍ አንብቤው፣ ገባኝ ብዬ ስንት ዓመት ተኮፍሼበት ነበር። ለካ አልገባኝም ኖሯል።

በነገራችን ላይ ቀድሞ ያልገባው እኔን ብቻ አይደለም። ቴያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጃንዋሪ 5 ቀን 1953 ፓሪስ ውስጥ ባቢሎን በሚባል ትንሽ ቴያትር ቤት በሮዤ ብላን አዘጋጅነት ሲታይ፣ አንዳንዱ ተመልካች ተናዶ ወጥቷል። እውነትም ለለመደ ተመልካች ይከብዳል፤ ጋብቻ የለ፣ ግድያ የለ፣ የሚጋለጥ ምሥጢር የለ። ያወቀው ሌላ ዓይነት ተመልካች ነው። ኖቬምበር 19 ቀን 1957 ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣ አንድ የቴያትር ቡድን ሳን ኩዌንቲን በተባለው ታዋቂ የካሊፎርኒያ ወኅኒ ቤት፣ 1,400 በሚሆኑ እስረኞች ፊት አሳየው። ይህ ቴያትር የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ሴት ተዋናይ ስለሌለበት ነበር ይባላል! ተዋንያኑ ፈርተው ነበር፤ ፓሪስ ያልታገሠውን ሌባና ነፍሰ ገዳይ ይታገሠው ይሆን ብለው። እስረኞቹ ግን ጸጥ ብለው ተከታተሉት። የወኅኒ ቤቱ ትንሽ ጋዜጣም የከተማ ሐያስያን የተጨነቁበትን ነገር ያለ ምንም ጭንቀት ጻፈው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሪክ ክለቺ የሚባል እስረኛ ከክፍሉ እንዳይወጣ ተከልክሎ ስለነበር ቴያትሩን የተከታተለው በድምፅ ማጉያ ነው። ከዚያ በኋላ እዚያው ወኅኒ ቤት የቴያትር ቡድን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ በ1966 ተፈትቶም ከቤኬት ከራሱ ጋር እስከ መሥራት ደረሰ። በ1993 ደግሞ ሳራዬቮ ተከባ ጥይት ሲዘንብባት፣ ሱዛን ሶንታግ ይህንኑ ቴያትር በሻማ ብርሃን አዘጋጀችው። መብራት የለም፣ ውሃ የለም፣ ምዕራባውያን ይደርሱልናል እየተባለ ይጠበቃል። ሳራዬቮ ውስጥ ጎዶ ማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

ለዚህ ዓይነቱ ቴያትር «የአብሰርድ ቴያትር» የሚለውን ስም ያወጣለት ማርቲን ኤስሊን ነው፤ መጽሐፉ በ1961 ወጣ። አብሰርድ ማለት በኛ አነጋገር ውሉ የጠፋ ልቃቂት እንደ ማለት ነው። ብትተረትረው፣ ብትተረትረው፣ ጫፉ አይገኝም። ኤስሊን ራሱ ቡዳፔስት ተወልዶ ቪየና ያደገ፣ በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ስደተኛ ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ የምፈልገው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ዋና ዋና ተብለው ከተጠቀሱት ደራሲዎች ሦስቱ እነማን እንደሆኑ ስታዩ ነው። ቤኬት አየርላንዳዊ፣ ኡዤን ኢዮኔስኮ ሩማንያዊ፣ አርቱር አዳሞቭ ከሩሲያ ግዛት የመጣ አርመን። ሦስቱም ፓሪስ የሚኖሩ፣ ሦስቱም ቴያትራቸውን በፈረንሳይኛ የሚጽፉ መጤዎች። «የፈረንጅ ዕብደት ነው፣ ሲጠግቡ የሚያመጡት ነው» እያልን የምናልፈው ነገር የተሠራው ቅላጼያቸው በሚያስታውቅባቸው ሰዎች ነው። ይህን ብዙ ጊዜ አንሰማም።

ኢዮኔስኮን እንውሰድ። በ1948 እንግሊዝኛ ልማር ብሎ «አሲሚል» የሚባለውን የቋንቋ ማስተማሪያ ገዛ። እዚያ ውስጥ ባልና ሚስት ናቸው የሚነጋገሩት። ሚስት ለባሏ ስንት ልጆች እንዳሏቸው ትነግረዋለች፤ የት እንደሚኖሩ፣ ባልየው ምን ሥራ እንደሚሠራ ታስረዳዋለች። ባልየው ይህን አያውቅም እንዴ? ኢዮኔስኮ ዓረፍተ ነገሮቹን እየገለበጠ ሲጽፍ እንግሊዝኛው ቀረና ቴያትር ወጣው። «ራሰ በራዋ ዘፋኝ» ሜይ 11 ቀን 1950 ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ራሰ በራ ዘፋኝ በውስጡ የለችም፤ ስሙ የመጣው አንድ ተዋናይ በልምምድ ላይ አፉ ስቶት ከተናገረው ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተገናኝተው፣ በአንድ ባቡር መጥተናል፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ እንኖራለን እያሉ እየተደነቁ፣ በመጨረሻ ባልና ሚስት መሆናቸውን ይደርሱበታል።

እንግዲህ በሃምሳ ዓመቱ የጀርመንኛ ክፍል ገብቶ፣ ከሀገር ቤት ሐኪም ወይም የመሬት መለኪያ መሐንዲስ የነበረ ሰው፣ «ይህ ጠረጴዛ ነው፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ ኬኩ ይጣፍጣል» ብሎ ሲደግም ያላያችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። በአማርኛ ቅኔ የሚዘርፍ አባት በጀርመንኛ የአራት ዓመት ሕፃን ይሆናል። ልጆቹ ያርሙታል። ኢዮኔስኮ ያሳቀው በዚህ ነው፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮ ላይ ይቆማል። ቋንቋው አለ፣ ሰዋስውም ልክ ነው፣ የሚነጋገር ሰው ግን የለም።

ከሦስቱ ደራሲዎች ጄኔቭን የሚያውቃት አዳሞቭ ነው። በ1908 ካውካሰስ ውስጥ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ፤ ባኩ ላይ የነዳጅ ጉድጓድ ነበራቸው። በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ ቤተሰቡ ጀርመን አገር ነበሩና እንደ ጠላት ተቆጠሩ፤ ተሻግረው ጄኔቭ ገቡ። የሩሲያ አብዮት ሀብታቸውን ሲወስደው እዚሁ ሆነው ሰሙ። አዳሞቭ የልጅነት ዓመታቱን ያሳለፈው በዚህች ከተማ ነው። በ1924 ፓሪስ ሄደ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንድ ዓይነ ስውር ለማኝ ያያል፤ ሁለት ወጣት ሴቶች ዓይንን ስለ መጨፈን ደስታ የሚናገር የፍቅር ዘፈን እያዜሙ ሳያዩት ገፍተውት ያልፋሉ። የመጀመሪያ ቴያትሩ ሐሳብ የተጸነሰው ከዚያ ነው።

«ፕሮፌሰር ታራን» በሚለው አጭር ሥራው ደግሞ አንድ የተከበረ ምሁር ፖሊስ ጣቢያ ይቀርባል። በባሕር ዳርቻ ራቁቱን ታይቷል ተብሎ ነው። እኔ እኮ ታዋቂ ሰው ነኝ ይላል፤ የሚያውቀው ይጠፋል። አንዲት ሴት ደስ ብሏት ሰላም ትለዋለች፤ ግን በሌላ ፕሮፌሰር ስም ነው። ማስታወሻ ደብተሩ የራሱ ነው፣ ጽሕፈቱን ግን ማንበብ ያቅተዋል። ቴያትሩ ሲያልቅ ግድግዳው ፊት ቆሞ ልብሱን አንድ በአንድ ማውለቅ ይጀምራል። አዳሞቭ ይህን ያየሁት በሕልሜ ነው ይል ነበር፤ በ1953 ሊዮን ላይ ታየ። እኔ ግን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። «እዚያ እኮ እኔ ማን እንደነበርኩ ብታውቅ» የማይል ሰው ያለበት የሐበሻ ማኅበር እስካሁን አልገጠመኝም። የአዳሞቭ መጨረሻ አላማረም። በመጠጥና በሕመም ተዳክሞ በ1970 ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ በገዛ እጁ እንደሆነ ይታመናል።

ስለ ተስፋ መቁረጥ ካነሣን ፈላስፎቹን ማለፍ አይቻልም፤ ባጭሩ ላንሣቸው። ኤግዚስቴንሻሊዝም፣ የህልውና ፍልስፍና የሚባለው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ በተለይ በዣን ፖል ሳርትር በኩል ታወቀ። ፍሬ ነገሩ፣ ሰው አስቀድሞ የተቆረጠለት ትርጉም ይዞ አይመጣም፤ ይኖራል፣ ከዚያ በሥራው ራሱን ይሠራል የሚል ነው። አልበር ካሙ በዚህ ስም መጠራቱን አይወድም ነበር። በ1942 ባሳተመው «የሲሲፎስ ተረት» ግን ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ፊት ለፊት አነሣው፤ ሕይወት መኖር ይገባታል ወይስ አይገባትም? ሲሲፎስ ድንጋይ ወደ ተራራ አናት እንዲገፋ የተፈረደበት ነው፤ ጫፍ ሲደርስ ይንከባለልበታል፤ ወርዶ እንደገና ይገፋል። የካሙ መልስ፣ ራስን ማጥፋት መልስ አይደለም ነው። ድንጋዩን እያወቁ መግፋት ራሱ እምቢታ ነው ይላል።

ይህን ፍልስፍና ብቻ አድርጌ እንዳላልፈው አንድ ነገር ልጨምር። በየመጠለያው፣ በየአንድ ክፍል ቤቱ ዝም ያሉ ልጆች አሉ። ስልክ የማያነሡ፣ «ደኅና ነኝ» ብለው የሚዘጉ። እዚህ አገር 143 ብሎ ቢደወል ቀንም ሌሊትም የሚያዳምጥ ሰው አለ፤ ስም አይጠየቅም። በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ ነው። አማርኛ የለውምና በአማርኛ የሚያዳምጠው ሰው እናንተ ናችሁ።

የቤኬት ሁለት ሰዎችም ይህን ያስባሉ። በዛፉ ላይ እንሰቀል ይባባላሉ። በመጨረሻው ላይ አንደኛው ለገመድ ይሆናል ብሎ መቀነቱን ይፈታል፤ ሱሪው ይወልቅበታል። ሁለቱ ይዘው ሲጎትቱት መቀነቱ ይበጠሳል። ሊወድቁም ይደርሳሉ። አዳራሹ ይስቃል፤ እነሱም ሱሪውን ታጥቀው ይቆማሉ። ይለያዩ ዘንድ ስንት ጊዜ ይነጋገራሉ፤ ሲለያዩ ግን አናያቸውም። አንዱ ሲርበው ሌላው ከኪሱ ካሮት ያወጣለታል። አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ኮቱን አውልቆ ያለብሰዋል። ስለ ጎዶ የተጻፈው ሁሉ ስለ ጎዶ መቅረት ነው የሚያወራው፤ ለእኔ ደግሞ ካሮቷ ትበልጥብኛለች።

አንዳንድ አባቶች «ጎዶ እግዚአብሔርን ማለት ነው፣ ክህደት ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። በእንግሊዝኛ ስሙ ይቀራረባል፤ ቤኬት ግን የጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። ሲጠይቁት፣ ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ እዚያው ቴያትሩ ውስጥ እናገር ነበር የሚል መልስ ነበረው። ደግሞስ መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ፣ መጽሐፈ መክብብን የሚያውቅ ሕዝብ በዚህ ጥያቄ መደንገጥ አለበት? ጥያቄው በቤታችን ከቆየ ሰንብቷል።

አሁን ዙሪክን ለሚያውቁ። ከሴንትራል ተነሥታችሁ በኒደርዶርፍ ስትዘልቁ ሽፒግልጋሰ የምትባል ጠባብ አቀበት አለች። ቁጥር 1 ላይ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1916 «ካባሬ ቮልቴር» ተከፈተ። የከፈቱት ሁጎ ባልና ኤሚ ሄኒንግስ በ1915 ከጀርመን ወጥተው ዙሪክ በችጋር የሚኖሩ ጥንዶች ነበሩ። ሩማንያዊው ትሪስታን ዛራ፣ ማርሴል ያንኮና ሌሎችም ተቀላቀሏቸው። ዳዳ የተባለው ንቅናቄ የተወለደው እዚህ ነው፤ የአብሰርድ ቴያትር አያት ይሉታል። ውጪ ሚሊዮኖች ይተላለቃሉ፣ ውስጥ ባል ከካርቶን የተሠራ ልብስ ለብሶ ትርጉም የሌለው የድምፅ ግጥም ያነባል። (የዙሪክን ጀርመንኛ ትራም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሐበሻ ግጥሙ ብዙም አይገርመውም።) በማርች 1916 ሦስት ሰዎች በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በአንድ ጊዜ እየጮኹ አንድ ግጥም አቀረቡ። ርእሱ፣ አድሚራሉ የሚከራይ ቤት ይፈልጋል የሚል ነው። ዙሪክ ውስጥ ቤት ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህ ዳዳ ሳይሆን ተራ ዜና መሆኑን ይመሰክራል። እዚያው መንገድ ላይ ቁጥር 14 በዚያው ዘመን ሌኒን የሚባል አንድ ሌላ ስደተኛ ተከራይቶ ነበር።

ወደ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብትራመዱ ኩንስትሃውስ ፌርማታ ጋ ትደርሳላችሁ። በአንድ ወገን ፕፋውን የሚባለው የሻውሽፒልሃውስ ቴያትር ቤት ነው፤ በናዚ ዘመን ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሸሹ ተዋንያን መጠጊያ ነበር፤ የብሬሽት «እማማ ኩራዥ» ኤፕሪል 19 ቀን 1941 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚህ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የጃኮሜቲ ሐውልቶች ያሉበት ሙዚየም አለ። አልቤርቶ ጃኮሜቲን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እስከ 2021 ድረስ ይሠራ በነበረው በአሮጌው የ100 ፍራንክ ኖት ላይ ያለው፣ ፀጉሩ የተንጨባረረው ሰውዬ ነው። ስንቱን ጃኮሜቲ በየወሩ ወደ ሀገር ቤት ልከናል! በ1961 ፓሪስ ኦዴዮን ቴያትር «ጎዶ» እንደገና ሲዘጋጅ ያንን ዛፍ የሠራው እሱ ነበር። ከቤኬት ጋር ቅርንጫፉን እያሳነሡ፣ እያቀጠኑ፣ አሁንም አልሆነም እየተባባሉ አንድ ሌሊት ሙሉ አደሩ ይባላል። ሁለት ሰዎች በአንድ የጂፕስ ዛፍ ሥር።

ይህ ሁሉ የነሱ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ጄኔቭ እንመለስና የራሳችንን እንይ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴያትር የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ በ1910ሮቹ በኛ አቆጣጠር በመኳንንቱ ፊት ታይቶ በአስተዳደሩ ላይ ስለተሳለቀ በንግሥት ዘውዲቱ ጊዜ ታገደ። እኒሁ ሰው በ1935 የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ጄኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ወልወል ላይ ዲሴምበር 1934 ደም ፈስሶ ነበር። ኢትዮጵያ አቤት አለች። ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ተባለች። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኦክቶበር 3 ቀን 1935 የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ማዕቀብ ተጣለ፤ ነዳጅ ግን አልተጨመረበትም። ልጁ እየመጣ «ነገ ይመጣሉ» ይላል። ቤኬት ገና አልጻፈውም እንጂ አገራችን ጄኔቭ ላይ ጎዶን ጠብቃለች።

ጁን 30 ቀን 1936 ንጉሠ ነገሥቱ በአማርኛ ሊናገሩ ሲነሡ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት አወኩ፤ ከአዳራሹ ተጎትተው ወጡ። አጃቢ፣ ተመልካች፣ ተቃዋሚ፣ መጋረጃ፣ ሁሉም ያለበት ትርኢት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጁላይ 3፣ በዚያው ጉባኤ መካከል ሽቴፋን ሉክስ የተባለ የቼኮስሎቫኪያ አይሁዳዊ፣ ቀድሞ ተዋናይና ፊልም ሠሪ የነበረ ጋዜጠኛ፣ በጀርመን አይሁድ ላይ የሚደርሰውን ዓለም አልሰማ ብሎት በዚያው አዳራሽ ራሱን ተኩሶ ገደለ። በማግስቱ ጉባኤው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ በጣሊያን ላይ የነበረውን ማዕቀብ የማንሣት ሥራ። ተክለ ሐዋርያትም በወረራው ዘመን ተሰደው ረጅም ዓመታት ማዳጋስካር ኖሩ። በስደት ላይ እያሉ አንድ ሁለተኛ ቴያትር ቢጽፉ ኖሮ ምን ይጽፉ ነበር እያልኩ አንዳንዴ በሐይቁ ዳር ስሄድ አስባለሁ። እንደ ፋቡላ በአውሬ ይጀምሩ ይሆን?

እንደዚህ ያለውን ነገር «አብሰርድ» ብሎ ማለፍ ያልወደደ አንድ የዚህ አገር ሰው ነበር፤ ፍሪድሪክ ዱረንማት። ቴያትሮቹ ዘግናኝና አስቂኝ ናቸው፤ እሱ ግን አስቀያሚ ቀልድ እንጂ ትርጉም የለሽ አይደሉም ባይ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ትርጉም የለሽ ከሆነ ተጠያቂ የለም፤ ቀልድ ከሆነ የቀለደው ሰው አለ። ጃንዋሪ 29 ቀን 1956 ፕፋውን ላይ በታየው «የአሮጊቷ እመቤት ጉብኝት» አንዲት ቢሊዮኔር ወደ ደኸየች የትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች። በወጣትነቷ አስረግዞ የካዳትን ሰው ከገደላችሁልኝ አንድ ቢሊዮን እሰጣለሁ ትላለች፤ ግማሹ ለከተማው፣ ግማሹ ለነዋሪው። ከንቲባው ተቆጥቶ እምቢ ይላል። ከዚያ አንድ በአንድ ሰዉ ቢጫ አዲስ ጫማ አድርጎ መታየት ይጀምራል፤ በዱቤ የተገዛ። ሰውዬው ጫማውን ሲያይ ይገባዋል። ሴኔጋላዊው ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ ይህን በ1992 «ጅቦች» ብሎ ወደ አፍሪካ መንደር አምጥቶ ፊልም ሠራው። ብድር የሚያውቅ አህጉር ስለሆነ ምንም መለወጥ አላስፈለገውም ማለት ይቻላል።

ይኸው ዱረንማት ኖቬምበር 22 ቀን 1990 ዙሪክ አጠገብ ሩሽሊኮን ላይ ንግግር አደረገ። የክብር እንግዳው፣ የአብሰርድ ቴያትር ደራሲ የነበረውና ከእስር ወጥቶ የቼኮስሎቫኪያ ፕሬዚዳንት የሆነው ቫስላቭ ሃቬል ነበር። ዱረንማት በባለ ሥልጣናቱ ፊት አገሩን በእስር ቤት መሰላት፤ እስረኞቹም ጠባቂዎቹም ራሳቸው ዜጎቹ የሆኑባት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞተ። ቅር ያላቸው ብዙ ነበሩ።

ወዳጄ ወረቀቱን አግኝቷል። ማታ ማታ ይሠራል፣ ልጅ ወልዷል፣ ሲደውልልኝ የሚያወራው ስለ ኪራይ ነው። ባለፈው ግን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «ጋሼ፣ ያ መልእክተኛው ልጅ ማታ የት ነው የሚያድረው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቤኬት ጽፎታል፤ ቆጥ ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው የሚተኛው። ወንድሙን ጌታው ይመታዋል፣ እሱን አይመታውም። ወዳጄ ትንሽ ዝም አለና «እሱንስ ማን ይጠብቀዋል» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ማየት ለምትፈልጉ፦ ከጄኔቭ ፓሪስ በፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ እዚያ ካርቲዬ ላቲን ውስጥ ዩሼት የሚባል ትንሽ ቴያትር ቤት ከ1957 ጀምሮ «ራሰ በራዋ ዘፋኝ»ን ያሳያል። ፈረንሳይኛ ገና ተማሪ ለሆነ ሰው ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹን አስቀድማችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ካባሬ ቮልቴር ደግሞ ቡና ይሸጣል፤ የኛን ቡና ግን አያህልም።

ቸር እንሰንብት።